አንጓ ያለው ቁራጭ

ላፍቶ ውስጥ መኒ ፕላንት በገንዘቡ የሚገዛ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ትናንት ሰፈር የገባ፣ አለዚያም ከጎረቤቶቹ ሁሉ የተጣላ። ሌላው ሕዝብ ለምኖ ነው የሚያገኘው። መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡት ልጆች ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ጽጌረዳውንና ሞንስቴራውን ከፊት ደርድረው እሱን ከኋላ ይወሽቁታል። «ይኼስ ስንት ነው?» የሚል ሰው ሲመጣ፣ ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት ቀና ብለው በአዘኔታ ያዩታል። ቡና የሚጠራው ሰው የለም ማለት ነዋ!

ተክሉን የማያውቅ የለም። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው፤ አረንጓዴው ላይ ቢጫ ቀለም እዚህም እዚያም ተረጭቶበታል፤ ሐረጉ መደገፊያ ካገኘ ይወጣል፣ ካጣ ይንዠረገጋል። ችግኝ ሻጩ ፖቶስ ይለዋል፣ ሰፈሩ መኒ ፕላንት። ቤት ውስጥ ካለ ገንዘብ ይስባል ይባላል። በእኛ ሕንጻ ይህ ተክል የሌለበት ቤት የለም፤ ገንዘብ የተሳበበት ቤት ግን እስካሁን አልሰማንም።

ልመናው ሥርዓት አለው። ሰው ቤት እንደገቡ «ከዚህች ቀንጥቡልኝ» አይባልም። አቦል እየተጠጣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ይወራል፤ ተክሉን ያየው የለም። ቶና ላይ ዓይን ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ይሄድና «አቤት ሲያምር! ምን እያጠጣሽው ነው?» ይባላል። ይህ ጥያቄ መልስ የሚፈልግ እንዳይመስላችሁ፤ ማስጠንቀቂያ ነው። ባለቤቲቱም ነገሩ ገብቷታል፤ «ምን አጠጣዋለሁ፣ ውኃው እንደሆነ በተራ ነው» ብላ ታልፈዋለች። በረካ ተጠጥቶ ሰው ሲነሣ ለማኟ በመስኮቱ በኩል ዞር ትልና አንዷን ቅጠል በሁለት ጣቷ ዳሰስ ታደርጋለች። ከዚህ ወዲያ መመለሻ የለም። ቅጠል ተዳስሶ ቁራጭ ሳይሰጥ የቀረበት ቤት፣ በማግስቱ ስሙ ከአምስተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት ደረጃ በደረጃ ይወርዳል።

ማድነቅም ልክ አለው። አብዝቶ ያደነቀ ሰው ዓይኑ ይፈራል። ተክሉ ከሳምንት በኋላ ቢጠወልግ፣ ጧትና ማታ ውኃ ስትደፋበት የከረመችው ባለቤቲቱ አይደለችም የምትጠየቀው፤ «እንትፍ እንትፍ» ሳይል ያደነቀው እንግዳ ነው። ስለዚህ ብልህ ሰው አድንቆ ዝም አይልም፤ አድንቆ ይለምናል። የለመነ ሰው ዓይኑ አይፈራም፤ የፈለገውን ይዞ ሄዷላ!

በሕንጻችን የዚህ ሁሉ ልመና መጨረሻ ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ ናቸው። ማንም ከማን ለመንኩ ቢል፣ ነገሩ ወደ ኋላ ሲቆጠር እሳቸው በር ላይ ይደርሳል። መቀስ አይወዱም፤ «ብረት ያስደነግጠዋል» ይላሉ። ሐረጉን በግራ እጃቸው አንሥተው በቀኝ አውራ ጣታቸው ከታች ወደ ላይ እየዳበሱ ይወጣሉ። የቅጠሉ አንገት ከግንዱ የሚለይበት ቦታ ላይ፣ ከበስተጀርባ፣ የስንዴ ፍሬ የማታህል ቡናማ እብጠት አለች። ጣታቸው እሷ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከእሷ ዝቅ ብለው የግማሽ ጣት ያህል ይተዉና በጥፍራቸው ቀጭ! ቁራጩን ወደ ብርሃን አንሥተው እብጠቷን ያሳዩኛል። ከዚያ በረጠበ ሶፍት ጠቅለል፣ በፌስታል ቋጠር።

«ልጄ፣ ይቺን ሳታይ ከሰው እጅ አትቀበል» ይሉኛል። «ቅጠልማ ጎመንም አለው።»

ጎመንስ ይሻላል። የዚህኛው ቅጠል ቢታኘክ አፍና ምላስን የሚወጉ፣ በዓይን የማይታዩ የካልሲየም ኦክሳሌት መርፌዎች የሞሉበት ነው። ሕፃንና ድመት ያለበት ቤት ከፍ አድርጎ የሚሰቅለውም ለጌጥ ብቻ አይደለም።

እማማ የሚያሳዩኝ መገጣጠሚያ አንጓ ነው። ሸንኮራ ተክሎ ለሚያውቅ ገበሬ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ አፈር የሚገባው አንጓ ያለበት ቁራጭ እንደሆነ ከአባቱ ተምሯል። ቅንጭብ ቆርጦ አጥር ያጠረም፣ የእንሰት ኮረት ቀብሮ ችግኝ ያስወጣም ሰው ዘር ሳይዘራ ተክል እንደሚበዛ ያውቃል። በመኒ ፕላንት ላይ ያቺ ቡናማ እብጠት ሥር ልትሆን ተዘጋጅታ የተቀመጠች ናት፤ በትውልድ አገሩ ጫካ ውስጥ ተክሉ ትልልቅ ዛፎችን ቆንጥጦ የሚወጣው በእነዚህ ሥሮች ነው። ከጎኗ ደግሞ ወደፊት ሐረግ የምትሆን ትንሽ እምቡጥ ተሸሽጋለች። ሁለቱ ያሉበት ቁራጭ ውኃ ውስጥ ሲገባ ተክል ይሆናል። አንጓ ሳይዝ የተቀነጠሰ ቅጠል ግን ውኃው ውስጥ ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ይሰነብታል፤ አንዳንዴ ሥርም ያወጣል፤ ሁለተኛ ቅጠል ግን አይወልድም።

ይህ ዕውቀት ክፉ እጅ ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚያደርግ ሰፈራችን አይቷል። ከእኛ ማዶ ባለው ሕንጻ አንዲት ወይዘሮ አለች፤ ለምኗት ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው የለም። ፈገግ ብላ፣ «ላንተማ ምን ይከለከላል!» ብላ፣ ካሉት ሁሉ ትልቁንና የሚያምረውን ቅጠል ከነአንገቱ መዝዛ ትሰጣለች። ተቀባዩ እጅ ነሥቶ ይወጣል። ቅጠሉን በጠርሙስ ይተክላል፣ ውኃ ይለውጣል፣ ይጠብቃል። መሥሪያ ቤት ሄዶ «ነገ ተመለስ» እንደተባለ ሰው፣ መከልከሉን እንኳ በትክክል ሳያውቅ ወሩ ያልፋል። በመጨረሻ «የኔ እጅ አይሆነውም» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ሴትየዋ ደግ ተብላ ስሟ እንደተጠራ ይኖራል፤ ከእሷ ተክል የወጣ ሌላ ተክል ግን በላፍቶ ምድር የለም።

ቁራጩ አንጓ ካለው፣ ቀጣዩ ነገር የሃይላንድ ጉዳይ ነው። የውኃ ፕላስቲኩ አንገቱ ላይ ተቆርጦ፣ ወረቀቱ እንደተለጠፈበት፣ መስኮት ላይ ይቀመጣል። አንጓው ውኃ ውስጥ ይግባ፣ ቅጠሉ ከውኃ በላይ ይሁን፤ ውኃ ውስጥ የገባ ቅጠል ይበሰብሳል፣ መበስበሱም ወደ ግንዱ ይሄዳል። ሥርም እንደ ሰው አየር ይፈልጋልና ውኃው በየጥቂት ቀኑ ይለወጥ። ከቧንቧ የመጣውን አሳድሮ መጠቀም ደግሞ ክሎሪኑ እንዲወጣ ይረዳል።

ማሳደሩ ለእኛ ከባድ አይደለም፤ ውኃችን ሁልጊዜ ያደረ ነው። በተራ ሲመጣ ባልዲው፣ ጄሪካኑ፣ ድስቱ ሁሉ ይሞላል፤ ከዚያ ቤተሰቡ ተሰብስቦ በጀት ያወጣል። ይህ ለመጠጥ፣ ይህ ለሊጥ፣ ይህ ለዕቃ። በእኛ ቤት ያለ ክርክር የሚጸድቀው የተክሉ በጀት ብቻ ነው። እኔ ፊቴን በአንድ ኩባያ ውኃ ታጥቤ ስወጣ፣ በመስኮቱ ላይ አራት ሃይላንድ ጥርት ያለ ውኃ በጧት ፀሐይ ያብረቀርቃል። «ውኃ አላችሁ?» ብላ ባልዲ ይዛ የመጣች ጎረቤት ይህን አይታ ያላመነችን ጊዜም ነበር።

ሃይላንዱን የሚያሰጋው ጥማት ብቻ አይደለም። የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ሥር ያወጡ ቁራጮቿን ፀሐይ እንዲያገኙ ብላ ደረጃው ላይ ደርድራ ገበያ ሄደች። ስትመለስ ቁራሌው አልፏል። ልጁ ጨዋ ነው፤ ተክሎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ በሥርዓት ሲሚንቶው ላይ አጋድሞ፣ ጠርሙሱን ብቻ ይዞ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ «ቁራሌው!» የሚል ድምፅ ከታች ሲሰማ፣ ሌላው አሮጌ ዕቃ ይዞ ሲወርድ እሷ ተክል ይዛ ትገባለች።

ሌላው ጠላት ብርድ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ እንግዳችን ደግሞ የሙቅ ደሴት ልጅ ነው። አገሩ ሁሉ የሚተክለው በክረምት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ከተነገረ ወዲህ ደግሞ ሐምሌና ችግኝ ተለያይተው አያውቁም። ዝናብ ለሚጠብቅ ዛፍ ልክ ነው። ውኃውን ከሃይላንድ ለሚያገኝ፣ የሚፈልገው ሙቀት ብቻ ለሆነ ቁራጭ ግን ሐምሌ ጨለማና ቆፈን ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊትማ አይነሣ። ለዚህ ሥራ የሚሻለው ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ሞቅ ያለ ጊዜ ነው። በብርድ የለመነ ሰው ቁራጩን ፍሪጅ ራስ ላይ ወይም ዲኮደር አጠገብ ያስቀምጣል። ዲኮደሩ ሲሠራ ይሞቃል፣ ሥሩም ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ያቆማሉ። ባለቤቴ ማታ ማታ ድራማ የምታየው ለተክሉ ብላ እንደሆነ ነግራኛለች፤ የማላምንበት ምክንያት የለኝም።

መጀመሪያ ምንም የሚታይ ነገር የለም። ቡናማዋ እብጠት እንዳለች አለች። ቤተሰቡ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ጫፏ ይነጣል፤ ቅርፊቷ ይሰነጠቅና ነጭ ነገር ብቅ ይላል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ማየት ነው። ነጩ ይረዝማል፣ ከጎንና ከጎኑ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ያበቅላል። የጣት ያህል ሲሆን ወደ አፈር መሄድ አለበት፤ ውኃ ውስጥ ብዙ የቆየ ሥር ውኃውን ለምዶ አፈር ሲገባ ይንገላታል። እዚህ ላይ ሰፈራችን አንድ ተጨማሪ ፈተና አለው፤ አፈሩ ዋልካ ነው። በክረምት ጫማ የሚያወልቀው፣ በበጋ የሚሰነጠቀው ጥቁር አፈር ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ሲገባ ሥሩን አፍኖ ይይዘዋል። አሸዋና በደንብ የበሰለ ፍግ ካልተደባለቀበት፣ ቆርቆሮውም ከታች ካልተበሳ፣ እስካሁን የተደከመበት ሁሉ በአንድ ሳምንት ይበሰብሳል። አሸዋ ደግሞ ችግር የለም፤ ከጎናችን ሁልጊዜ የሚሠራ ሕንጻ አለ።

ይህ ሁሉ ድካም የሚደርስብን ተክሉ ዘር ስለማይሰጥ ነው። አገሩ ሩቅ ነው፤ ከታሂቲ ጎን ያለች ሞሪያ የምትባል የፓሲፊክ ደሴት። ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1880 መዝግበው ፖቶስ ብለው ስም አወጡለት፤ በኋላ ዝምድናው ሌላ ነው ብለው ወደ ሌላ ወገን አዛወሩት፤ ከዚያም ወደ ሌላ፣ ከዚያም ወደ ሌላ። ዛሬ በመዝገብ ላይ ኤፒፕሬምነም ኦሪየም ነው። ስሙን ለማጥራት ይህን ያህል ያስቸገራቸው አንዱ ነገር አበባው ነው። የተክል ዘር ሐረግ የሚቆጠረው በአበባው ሲሆን፣ ይኼ አያብብም። በሰው እጅ ካደጉት መካከል በራሱ ፈቃድ አበበ የተባለው ለመጨረሻ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ምክንያቱን አገኘው፤ አበባ የሚቀሰቅሰውን ጂበረሊን የተባለ ሆርሞን በበቂ አይሠራም። ሆርሞኑን ከውጭ ሲረጩበት አብቧል።

እንግዲህ ልብ በሉ። አበባ የለውም፣ ፍሬ የለውም፣ ወፍ አይበትነውም፣ ነፋስ አይወስደውም። ከዚያች ደሴት ተነሥቶ ላፍቶ እስኪደርስ፣ በየቤቱ እስኪገባ፣ የሄደው ሰው ቆርጦ ለሰው እየሰጠው ነው። አንዳንዱ ሸጦ፣ አብዛኛው ግን ተለምኖ። ጀሞ ያለውና ለቡ ያለው፣ ሃና ማርያም ያለውና ጎፋ ያለው ቢጫ ዝንጉርጉር መኒ ፕላንት ዘመዳሞች ናቸው ማለት አይበቃም፤ ከአንድ አካል የተቆራረጡ ናቸው። የእኔ የመጣው ከእማማ ነው። የእማማ የመጣው ልጃቸው ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ከፋይል ካቢኔው ላይ። መሥሪያ ቤቱ ከየት እንዳገኘው የሚያውቀው ጥበቃው ብቻ ነው፤ እሱም ጡረታ ወጥቷል።

ቆርጦ መላክ ትልቅ ንግድ የሆነበትም ቦታ ሩቅ አይደለም። ኮቃ ላይ እንደ ሬድ ፎክስ ያሉ እርሻዎች አሉ፤ አበባ አይሸጡም፣ ቁራጭ ነው የሚሸጡት። አውሮፓ በበረዶና በጨለማ ውስጥ ባለችበት ወር እናት ተክሎቹ የኛን ፀሐይ እየሞቁ ያድጋሉ፤ ሠራተኞች በእጃቸው ይቀነጥባሉ፤ ገና ሥር ያልሰደደው ቁራጭ ተቆጥሮ፣ በከረጢት ታሽጎ፣ በቀዝቃዛ ሣጥን ሆኖ፣ የጤና ምስክር ወረቀት ተቆርጦለት ከቦሌ ይበርራል። በሚሊዮን የሚቆጠር ቁራጭ እንዲህ ይሄዳል፤ እዚያ ሥር አውጥቶ፣ አድጎ፣ አብቦ በረንዳ ላይ ይሰቀላል። ይህን ለእማማ ብነግራቸው ብዙም አልገረማቸው። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እነሱስ በሶፍት ነው የሚጠቀልሉት?»

የእማማን ሥራ የበለጠ የሚያከብር ሌላ ክርክርም ይነሣል። ተክሉ አየር ያጠራል የሚለው ነው። ወሬው መሠረት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የአሜሪካው ናሳ ባወጣው ጥናት የቤት ውስጥ ተክሎች በታሸገ ሣጥን ውስጥ ያለን መርዛማ ትነት ሲቀንሱ ታይተዋል፤ የኛም ተክል ከተፈተኑት አንዱ ነው። ችግሩ ኮንዶሚኒየም የታሸገ ሣጥን አለመሆኑ ነው፤ የኛን በርና መስኮት የገጠመውን አናጢ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የቀድሞዎቹን ጥናቶች አንድ ላይ የመረመሩ ሰዎች፣ ተክል በበርና በመስኮት ከሚገባው ነፋስ እኩል እንዲሠራ በካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1,000 ተክል ያስፈልጋል ብለዋል። 20 ካሬ የሆነች ስቱዲዮ ያለው ሰው እንግዲህ ቢያንስ 200፣ ሲበዛ 20,000 መኒ ፕላንት ያስገባ። አየሩ ይጠራል፤ እሱ ግን ደረጃ ላይ ነው የሚያድረው።

እንዲያም ሆኖ ለመስጠት የሚሳሳ ሰው አልጠፋም። አራተኛ ፎቅ ላይ ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ አሉ። የእሳቸው መኒ ፕላንት አንድ ሐረግ ብቻ ነው፤ ግን ምን ዓይነት ሐረግ! ከበሩ አጠገብ ካለው ቆርቆሮ ይነሣል፣ በመጋረጃው ዘንግ ላይ ይሄዳል፣ በሠርጋቸው ፎቶግራፍ ዙሪያ ይጠመጠማል፣ በቴሌቪዥኑ ጀርባ ያልፋል፣ ኩሽና በር ላይ ያልቃል። ቅጠል ያለው መጨረሻው ላይ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ራቁቱን ነው። ቴሌቪዥን ሊጠግን የመጣ ልጅ የዲሽ ገመድ መስሎት ሊነቅለው ሲል ጋሼ በሁለት እጃቸው ነው የያዙት። ቁራጭ ሲለመኑ በርጋታ ያስረዳሉ። «ልጄ፣ ይህን እዚህ ለማድረስ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ታውቃለህ? አሁን ጫፉን ብቆርጠው የት ይደርሳል?»

እዚህ ላይ ሳይንሱ ከእማማ ጋር ነው። የሐረጉ ጫፍ ኦክሲን የተባለ ሆርሞን ይሠራል። ይህን ነገር ፍሪትስ ዌንት የተባለ ወጣት የሆላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተመው ሥራ አሳይቶታል፤ የአጃ ቡቃያ ጫፍ ቆርጦ ጄሊ ላይ አሳደረው፤ ከዚያ ጫፉን ጥሎ ጄሊውን ብቻ ጫፍ በሌለው ቡቃያ አንድ ጎን ላይ ቢያስቀምጠው፣ ቡቃያው ወደ ሌላው ጎን እየጎበጠ አደገ። ትእዛዙ ያለው ከጫፉ በሚወርደው ነገር ውስጥ ነበር። ያ ሆርሞን ከጫፍ ወደ ታች ሲወርድ በየአንጓው ያሉት እምቡጦች እንዲተኙ ያደርጋል። ጫፉ ሲቆረጥ ሁለት ነገር ይሆናል። በቁራጩ ላይ፣ ወደ ታች የሚወርደው ኦክሲን መሄጃ አጥቶ ቁስሉ አጠገብ ይጠራቀምና ሥር ያስነሣል። በእናቲቱ ላይ ደግሞ ከላይ የሚያዛት ስለሌለ የተኙት እምቡጦች ይነቃሉ፤ አንድ የነበረው ሐረግ ሁለትና ሦስት ይሆናል። የእማማ ተክል ቆርቆሮው እስኪጠፋ ድረስ የተንዠረገገው ሰፈሩ ሁሉ ስለሚቆርጠው ነው። የጋሼ ገመድ የሆነው ማንም ስላልቆረጠው ነው። የሰጠ ይበዛለታል ሲባል የምሰማው ስብከት ላይ ነበር፤ ቆርቆሮ ውስጥም እንደሚሠራ ያየሁት በእነዚህ በሁለቱ ቤት ነው።

ጋሼን ይህ ሁሉ አላሳመናቸውም። ያሳመናቸው ብስባሽ ነው። ልጃቸው ጋ ሊሰነብቱ ሲሄዱ ተክሉን ለሠራተኛዋ አደራ ሰጡ፤ ልጅቷም አደራ በላ እንዳትባል ዕለት ዕለት አጠጣችው። ሲመለሱ ቆርቆሮው ረግረግ ሆኗል፣ ሐረጉ ከሥሩ ጠቁሯል፣ ኩሽና በር ላይ ያሉት ቅጠሎች ቢጫ መሆን ጀምረዋል። ጋሼ እማማን አስጠሩ። እማማ ጉልበታቸውን እየረገሙ አራት ፎቅ ወጡ፤ ቆርቆሮውን አሸተቱ፤ ከሥሩ ወደ ላይ እየዳበሱ ጤነኛውን ፈለጉ። መጋረጃው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ከዚህ ወዲህ ያለው ሞቷል። ከዚህ ወዲያ ያለው ሁሉ ልጅ ነው» አሉ።

«የቱ ልጅ? ቅጠል እንኳ የለው!»

«አንጓ አለው።»

እውነት ነው፤ ቅጠል የረገፈበት አንጓም ያቺን ቡናማ እብጠትና የተኛችውን እምቡጥ እንደያዘ ነው። እማማ በዚያ ቀን በጥፍር አልቻሉትም፣ መቀስ ተዋሱ። ከመጋረጃው ጀምረው፣ በሠርጉ ፎቶግራፍ ዙሪያ፣ በቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ እስከ ኩሽና በር ድረስ በየሁለት በየሦስት አንጓው ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ሄዱ። ጋሼ ፊታቸውን ወደ መስኮት አዙረው ቆሙ። ማታ በየፎቁ ሃይላንድ ተፈለገ፤ ያን ቀን ቁራሌው ቢመጣ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። የጋሼ ገመድ ተቆራርጦ በየቤቱ አደረ፤ ሲሳሱለት የኖሩት ሰው በአንድ ምሽት ለሕንጻው ሁሉ ሰጡ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጋሼ ግን ክትትል ጀመሩ። ጧት ከጸሎት መልስ ከአምስተኛ ፎቅ ይጀምሩና በር እያንኳኩ «እንዴት አደረ?» ይላሉ። የጠየቁት ስለ ሰውየው የመሰለው ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ሲጀምር፣ እሳቸው በጎኑ አልፈው መስኮቱ ጋ ናቸው። ውኃው የደፈረሰበት ይገሠጻል። ቅጠሉን ውኃ ውስጥ ያስገባ ይመከራል። የኛ የሕንጻ ኮሚቴ የደረጃ አምፖል ለመቀየር ስብሰባ መጥራት ባቃተው ጊዜ፣ እሳቸው የጽድቀት መጠኑን በደብተር ይዘዋል፤ የትኛው ቤት ያዘ፣ የትኛው ቤት ከሸፈ፣ የከሸፈበት ምክንያት። ከየቤቱ መልሰው የቀነጠቧቸውን አምስት ስድስቱን በአንድ ቆርቆሮ አንድ ላይ ተክለው፣ የእሳቸውም በቁመት ሳይሆን በስፋት ቤቱን መሙላት ጀመረ።

ከዚያ መስጠት መጣባቸው። የልመናው ሥርዓት በሙሉ ተበላሸ። አሁን ቶና ላይ ዓይን ወደ መስኮት መላክ አያስፈልግም፤ ገና ስኒው ሳይቀርብ ቁራጩ በሶፍት ተጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቦታ የለንም ያለ ሰው ቦታ ይፈለግለታል። ጋሼ በደረጃው ሃይላንድ አቅፈው ሲወጡ ያየ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋል።

ባለፈው ወር ሦስተኛ ፎቅ አዲስ ተከራይ ገባ። ዕቃው ገና ከአይሱዙው እየወረደ ሳለ ጋሼ አጠገቡ ደረሱ፣ በየክንዳቸው ሃይላንድ ይዘው። ሰውየው ላብ በላብ ሆኗል፣ ውኃ የሚሸጡ መሰለው።

«ስንት ነው አባባ?» አላቸው እጁን ኪሱ ውስጥ እየከተተ።

ከላይ በየበረንዳው የቆምነው ሁሉ ትንፋሻችንን ዋጥን። ጋሼ ግን አልተቆጡም። አንዱን ሃይላንድ እጁ ላይ አኖሩለት፤ እብጠቷን በጣታቸው አሳዩት።

«ዋጋውማ የሚከፈለው የእኔ የደረቀ ዕለት ነው» አሉት። «ያን ዕለት በርህን አንኳኳለሁ፤ ታዲያ አንጓ ያለውን ነው የምትሰጠኝ።»